የገጠር ደብር ሕንፃና የመሐንዲሱ ድርሻ፦ ከሐሙሲትና ከፎገራ ሜዳ የተገኘ ትዝብት

(በማኅበሩ ዓመታዊ ጉባኤ ላይ የቀረበ ንግግር)



ከግድብና ከድልድይ ወሬ ወጣ ብለን ስለ ገጠር ቤተ ክርስቲያን እንድንነጋገር መፈለጌ ከመካከላችን አንዳንዱን ሳያስገርም አይቀርም። ነገር ግን ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ላይ ከሐሙሲት እስከ ወረታ ባለው አገር ለሥራ የተዘዋወረ መሐንዲስ ሁሉ አንድ ጥያቄ ሳይገጥመው አይመለስም። የመጣው መንገድ ሊቀይስ ወይም የውኃ ጉድጓድ ሊያስቆፍር ይሆናል። የአጥቢያው ሽማግሌዎች ግን ቀረብ ይሉና፣ «ልጄ፣ መሐንዲስ ነህ አሉን፤ ይህን አሮጌ ቤተ ክርስቲያናችንን አፍርሰን በብሎኬት ብናሠራው ስንት ይፈጅብናል?» ይሉታል። እኔም ይህ ጥያቄ ከአንድ ጊዜ በላይ ቀርቦልኛል። ጥያቄው የዋጋ ጥያቄ ይመስላል እንጂ በእውነቱ ሕንፃው ይኑር ወይስ ይጥፋ የሚል ፍርድ ነው። ፍርዱንም ብዙ ጊዜ የምንሰጠው እኛ ነን፤ ያውም ቆመን፣ በአንድ አፍታ።

ስለዚህ በቅድሚያ ሕንፃው ራሱ ምን እንደ ሆነ እንመልከት።

ሐሙሲት በደራ ወረዳ የምትገኝ፣ ስሟን ከሐሙስ ገበያዋ ያገኘች ከተማ ናት። ከእርሷ በስተ ሰሜን ጉማራና ርብ የሚያጠጡት የፎገራ ሜዳ ተዘርግቶ እስከ ጣና ዳር ይደርሳል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ 1,786 ሜትር ያህል ሲሆን ሜዳው ከዚያ ብዙም ከፍ አይልም። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ነው፤ በክረምት አብጦ ይጨቀያል፤ በበጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። የዓመቱ ዝናብ ከ1,000 ሚሊ ሜትር በላይ ሲሆን አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባለው ጊዜ ይወርዳል። ደብሮቹ አዘውትረው ጉብታ መርጠው የተተከሉት ያለ ምክንያት አይደለም። ከሩቅ የሚታየውም ቤተ ክርስቲያኑ ሳይሆን በዙሪያው ያለው ደን ነው።

ሕንፃው እንደምታውቁት ክብ ነው። በመካከሉ አራት ማዕዘን የሆነው መቅደስ ይቆማል፤ ቅድስት ይከብበዋል፤ ከዚያ ውጭ ቅኔ ማኅሌት ይዞራል። ይህ የሥርዓተ አምልኮ አከፋፈል የጭነት አከፋፈልም ነው። የመቅደሱ ግድግዳ ከሌሎቹ ከፍ ብሎ የጣራውን አናት ይሸከማል። ወራጆቹ ከጉልላቱ ሥር ተነሥተው እንደ ጃንጥላ ዘንግ በመዘርጋት በውስጠኛውና በውጭው ግድግዳ ላይ ያርፋሉ። ወደ ውጭ የሚገፉትንም ኃይል ዙሪያውን የሚያስራቸው ማገር፣ የበርሜል ቀለበት ጣውላውን እንደሚይዝ፣ አጥብቆ ይይዘዋል። ይህን የሠራው አናጢ የስታቲክስ ትምህርት አልቀሰመም፤ ይሁን እንጂ የእኛ ስሌት በሥራው ላይ የሚያገኘው ስሕተት ጥቂት ነው። ለቋሚውና ለወራጁ ምስጥ የማይደፍረውን ወይራና ጥድ ይመርጣል። ግድግዳውን ከጭድ ጋር በተቦካ ጭቃ ይመርጋል። የሣሩ ክፈፍ ከግድግዳው ርቆ ዝቅ ስለሚል ዝናቡ ጭቃውን አያገኘውም።

እንግዲህ የንግግሬ ፍሬ ነገር ይህ ነው፦ እንዲህ ያለው ሕንፃ ሳይነካ እንዲኖር የተሠራ ሳይሆን በየጊዜው እንዲታደስ የተሠራ ነው። ሣሩ ያረጃል፤ ምርጊቱ ይረግፋል፤ አንዳንዱ ወራጅ ይነቅዛል፤ አጥቢያው በደቦ ወጥቶ ይተካዋል። ዕድሜው የሚለካው በቁሳቁሱ ሳይሆን በአጥቢያው የማደስ ችሎታ ነው።

ለዚህ ከሐሙሲት ወደ ሐይቁ ዳር ወርደን የምናገኘውን የቆራጣን ደብር መመልከት ይበቃል። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ የዐፄ ሱስንዮስን የካቶሊክ ሃይማኖት ትእዛዝ ተቃውማ ተከታዮቿን ሰብስባ የኖረች፣ በኅዳር 1635 ዓ.ም. ያረፈች እናት ናት። ቆራጣ በስሟ የተመሠረተው ከዕረፍቷ በኋላ በዐፄ ፋሲል ዘመን ሲሆን፣ ገድሏ ደግሞ ካረፈች ከ30 ዓመት ገደማ በኋላ ተጽፏል። ቆራጣ ለብዙ ዘመን የመማፀኛ ስፍራ ነበር፤ በ1858 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝ መንግሥት መልእክተኛ የነበረውን ራሳምን ያስቀመጡትም በዚያው ነው። ጭቃና ሣር ብቻውን ሦስት መቶ ሰባ ዓመት አይቆይም። እንዲህ ያለ ደብር ከዘመን ወደ ዘመን የተሻገረው የሚያድሰው ሰው ስላልጠፋ ነው።

ማደሱ ደግሞ ያለ ሀብት አልተከናወነም። ቀድሞ ካህናቱ የሰሞን መሬት ይዘው በተራ ያገለግሉ ነበር፤ ለጥገናው የሚያስፈልገውም ከዚያው ይወጣ ነበር። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ሲታወጅ ይህ ቀረ። ሸክሙ በ1965 ዓ.ም. በቃለ ዐዋዲ በተቋቋመው ሰበካ ጉባኤ ትከሻ ላይ ወደቀ። ዛሬ ጣራ ሲያፈስ የሚሰበሰበው የገበሬው መዋጮ፣ የሰንበቴውና የጽዋ ማኅበሩ ስጦታ፣ ከተማ የገባው ተወላጅ የሚልከው ገንዘብ ነው። የመጨረሻው ወገን ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ከሐሳብ ጋር ይልካል፤ ሐሳቡም «አዲስ ሕንፃ» ነው።

ሣሩም ቢሆን እንደ ድሮው አይገኝም። በ1970ዎቹ ዓመታት በኅብረት ሥራ ማኅበራት እርሻ የተጀመረው ሩዝ ዛሬ ሜዳውን ሸፍኖታል። ለገበሬው ትልቅ በረከት ነው፤ ለክዳን የሚታጨደው ሰንበሌጥ ግን ይበቅልበት የነበረውን መሬት አጥቷል። ስለዚህ ቆርቆሮ ክፉ ነው የምል አይደለሁም። ሣር እሳት ይበላዋል፤ ሣር የሚከድነውም ባለሙያ እያነሰ ነው። የምለው ቆርቆሮው ሲመጣ መሐንዲሱ አብሮ ይምጣ ነው። በክብ ጣራ ላይ ቆርቆሮ በሦስት ማዕዘን እየተቆረጠ ይመታል፤ የተቆረጠው ጠርዝም ቀድሞ ይዝጋል። ወጪ ለመቆጠብ ክፈፉ ስለሚያጥር ውኃው በጅረት ወርዶ የግድግዳውን እግር ይቦረቡረዋል። ቆርቆሮ ቀላል ስለ ሆነ ነፋስ ሊያነሣው ይችላል፤ ከወራጁ ጋር አጥብቆ ማሰር ያሻል። ጉልላቱ በጉብታ አናት ላይ ያለ ብረት በመሆኑ ከእርሱ እስከ እርጥብ መሬት የሚወርድ የመብረቅ መከላከያ ሽቦ ያስፈልገዋል። በክረምት ማኅሌት የቆመ ሰው ደግሞ ሌላውን ያውቃል፤ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ከበሮው እንኳ አይሰማም። ከቆርቆሮው በታች የጣውላ ወይም የሸምበቆ ኮርኒስ ቢደረግ ድምፁም ሙቀቱም ይቀንሳል።

ከቆርቆሮ የከፋው ሲሚንቶ ነው። የጭቃ ግድግዳ እርጥበት ይስባል፤ መልሶም ይተነፍሳል። በሲሚንቶ ሲለሰን ትንፋሹ ይታፈናል፤ ውስጡ ይርሳል፤ ልስኑ እንደ ቅርፊት ይላቀቃል። በመቅደሱ ግድግዳ ላይ በጨርቅ ተለጥፎ ያለው ሥዕል ካለም አብሮ ይበሰብሳል። ይህ የእኔ ግምት ብቻ እንዳይመስላችሁ፣ ጎንደር ቅርብ ናት። የፋሲል ግንብ በድንጋይና በኖራ የተሠራ ሲሆን ጣሊያኖች በወረራው ዘመን በሲሚንቶና በብረት ጠገኑት። ከ1960ዎቹ ወዲህ በተደረገው እድሳት ያ ጥገና እንዲስተካከልና ኖራው እንዲመለስ ብዙ ተደክሟል። ኖራ ለአካባቢው እንግዳ አይደለም፤ ለጭቃም የሚስማማው እርሱ ነው።

አፍርሶ በብሎኬት መሥራትስ? እዚህ ላይ ዋልካው ይፈርዳል። የእንጨትና የጭቃ ግድግዳ መሬቱ ሲያብጥና ሲሸሽ አብሮ ያጎነብሳል፤ ቢሰነጠቅም ባላገሩ በአንድ ቀን ይመርገዋል። ብሎኬት አያጎነብስም። መሠረቱ የሚያብጠውን አፈር አልፎ ካልወረደ በጥቂት ክረምት ከመስኮቱ ማዕዘን ይሰነጠቃል፤ ያን ጊዜ አጥቢያው ሊጠግነው አይችልም። ጥልቅ መሠረት ደግሞ ከተሰበሰበው ገንዘብ ውስጥ ምን ያህሉን እንደሚውጥ ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም። ግድግዳው ቆሞ ጣራ ሳያገኝ ዓመታት የሚያልፉበት ምክንያት አንዱ ይኸው ነው።

ስለ ደኑም አንድ ነገር ልበል። የደን ተመራማሪው ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 የአብያተ ክርስቲያናት ደኖችን አጥንተው 168 የዛፍ፣ የቁጥቋጦና የሐረግ ዓይነቶችን መዝግበዋል። ተፈጥሮ ወዳዱ በዚህ ይደነቃል፤ ለመሐንዲስ ግን ደኑ የመለዋወጫ ዕቃ መጋዘንም ነው። የሚነቅዘውን ወራጅ የሚተካው ወይራና ጥድ ሌላ ቦታ የለም ለማለት ይቻላል። በቅጽሩ ውስጥ ባሕር ዛፍ እየገባ ሀገር በቀሉ ዛፍ ሲመናመን የሕንፃው የወደፊት ጥገና አብሮ ይመናመናል። በአንዳንድ ደብሮች በደኑ ዙሪያ የተሠራው የድንጋይ ካብ ከብቱን ከችግኙ ስለሚያርቅ፣ ከማንኛውም አዲስ ሕንፃ ይልቅ የሚያስመሰግን ሥራ ነው።

በአሮጌው ፋንታ አዲስ ማግኘትን ብቻ እንደ ትርፍ መቁጠር ምን እንደሚያስከትል ታሪክም ያስተምራል። በ1924 ዓ.ም. የፈረንሳዊው የማርሴል ግሪዮል ጓድ ከጎንደር አባ እንጦንዮስ ቤተ ክርስቲያን የቆየውን ሥዕል አንሥቶ በቦታው አዲስ አስለጥፎ ሄደ። አሮጌው ዛሬ በፓሪስ ቤተ መዘክር ይገኛል።

ሕጉም ዝም አላለም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209 ቅርስ የሆነ ነገር ከመጠገኑ በፊት የባለሥልጣኑን ፈቃድ ይጠይቃል። አብዛኛው ሰበካ ጉባኤ ይህን የሚነግረው ሰው የለውም፤ መንገር የእኛ ፈንታ ነው።

ስለዚህ ማኅበራችን ሁለት ነገር እንዲያደርግ አሳስባለሁ። አንደኛው፣ በየክረምቱ መጨረሻ ፈቃደኛ አባላት ከተማሪዎች ጋር ወጥተው በደራና በፎገራ ያሉትን ክብ አብያተ ክርስቲያናት ለክተው ንድፋቸውን ያንሡ፤ ሜትርና ወረቀት፣ የካህናቱም ፈቃድ ይበቃል። ሁለተኛው፣ ስለ ክፈፍ፣ ስለ ኖራ፣ ስለ ቆርቆሮ አመታትና ስለ መሠረት ፍሳሽ የምትናገር አነስተኛ መመሪያ በቀላል አማርኛ ታትማ ለየሰበካ ጉባኤው ትዳረስ።

እስከዚያው ሽማግሌዎቹ ሲጠይቁን ስለ ብሎኬት ዋጋ ከመናገራችን በፊት ሕንፃውን አንድ ጊዜ እንዙረው። ክፈፉን እንይ፤ ውኃው በየት እንደሚሄድ እንጠይቅ፤ የግድግዳውን እግር በእጃችን እንዳስሰው። ብዙ ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ የፍሳሽ ቦይ፣ አራት ወይም አምስት ወራጅና ጥቂት ኩንታል ኖራ ሆኖ ይገኛል።