ስምሽን ንገሪኝ

(በተመራቂዎች የመገናኛ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



አዘጋጆቹ «ከሥራ ልምድሽ አካፍይን» ሲሉኝ ስለ አንድ ከባድ በሽታ የምናገር መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን የማወራችሁ ስለ አንዲት ትንሽ ብልቃጥና በላይዋ ስለሚጻፈው ስም ነው።

ብዙዎቻችሁ እንደምታውቁት የወረታ ልጅ ነኝ። ክረምት ላይ ርብና ጉማራ ሞልተው የፎገራን ሜዳ ሲያጥለቀልቁት፣ ውኃው ሩዙን ያበቅልልናል፤ ወባውንም ያመጣብናል። እኛ ዘንድ ትኩሳት ሁሉ ወባ ነበር። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከምና በፎገራ ሰው በትኩሳት ሲያልቅ፣ መጀመሪያ የተጠረጠረው መድኃኒት የተላመደ ወባ ነበር። በምርመራ ሲጣራ ካላዛር ሆኖ ተገኘ፤ ድንበር የለሽ ሐኪሞችም አዲስ ዘመን ላይ ሕክምና ከፈቱ። የላብራቶሪ ውጤት የሰው ሕይወት መሆኑ ያኔ ገባኝ። ውጤቱ የማን እንደሆነ ማወቅም ሕይወት መሆኑን የተማርኩት ግን በራሴ ጥፋት ነው።

ጀማሪ ሐኪም ሳለሁ፣ ስሙን በማልጠቅሰው ሆስፒታል፣ አንድ ሌሊት ከፎገራ ሁለት እናቶች መጡ። የራሳቸውም የአባታቸውም ስም አንድ ነው፤ የሚለያዩት በአያት ብቻ። አንዷ ወልዳ እየደማች ነው፤ ሌላዋ ለኦፕራሲዮን ትዘጋጃለች። ከሁለቱም ደም ቀዳሁና ብልቃጦቹን ጋውኔ ኪስ ከተትኳቸው። ስም የጻፍኩባቸው ጠረጴዛዬ ጋ ተመልሼ፣ በትዝታ ነው።

ብዙም ሳይቆይ የላብራቶሪ ባለሙያው መጣ። «ዶክተር፣ የምትደማዋ ሴት የእርግዝና ክትትል ካርድ ኦ ይላል፤ ይሄ ደም ኤ ነው። አዲስ ናሙና ካልመጣልኝ ደም አልሰጥም።»

«ሴትዮዋ እየሞተች አንተ ስለ ካርድ ታወራለህ?» ብዬ ሰው ፊት ጮህኩበት። ንቅንቅ አላለም። እየተነጫነጭኩ ሄጄ ድጋሚ ቀዳሁ። ኦ ሆነ።

ኦ ለሆነ ሰው የኤ ደም ሲሰጥ ሰውነቱ ደሙን ያፈርሰዋል፤ ኩላሊት ሊቆም፣ ሰውም ሊሞት ይችላል። ላብራቶሪ የሚሠራው ደም የማዛመድ ምርመራ ደግሞ እንዲህ ያለውን ስህተት አይዘውም። የደሙ ከረጢት ከብልቃጡ ጋር ይስማማል፤ ብልቃጡ ነው የሌላ ሰው።

ሴትዮዋ ዳነች። ባለሙያውን ጎህ ሲቀድ ይቅርታ ጠየቅሁት። ለእሷ ግን አልነገርኳትም። ልጇን ታቅፋ፣ መርቃኝ ሄደች። ያ ምርቃት እስከ ዛሬ ይከነክነኛል።

ከዚያ ወዲህ «እገሊት አንቺ ነሽ?» ብዬ አልጠይቅም። የኛ አገር ሰው ሐኪም ያከብራል፤ በደንብ ሳይሰማም «አዎ» ይላል። «ስምሽን እስከ አያት ንገሪኝ» እላለሁ፤ ከካርድ ቁጥሯም ጋር አመሳክራለሁ። ባዶ ብልቃጥ ላይ አስቀድሜ ስም አልጽፍም፤ ቀድቼ ሳልጽፍም ከአልጋው አጠገብ አልንቀሳቀስም። ክዳን ላይ አልጽፍም፤ በተለይ የአክታ ዕቃ ክዳን ተከፍቶ ይቀያየራል። የተቀዳበትን ቀንና ሰዓት አልዘልም። ናሙናው ወደ ሩቅ ላብራቶሪ የሚላክ ከሆነ፣ መንገድ ላይ ሲንገጫገጭ የዋለ ደም ሴሎቹ ይፈርሱና ፖታሲየሙ ያለ በሽታ ከፍ ብሎ ይታያል። ያንን ቁጥር አምኖ ማከም ሌላ ጥፋት ነው።

ጎንደር በ1947 ዓ.ም. የጤና ኮሌጅ ሆኖ ሲጀምር፣ የጤና መኮንኑ፣ ነርሷና ሳኒተሪያኑ ገጠር ወርደው በቡድን እንዲሠሩ ነበር የሚሰለጥኑት። እኛም የዚያ ቤት ልጆች ነን። ስለዚህ አደራ የምላችሁ አንድ ነገር ነው፦ ነገ ላብራቶሪው «ይሄን ናሙና አልቀበልም» ሲላችሁ አትቆጡ። ተመልሳችሁ ስሟን ጠይቋት።