ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚቀረው ሥራ
(በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ለባልደረቦች የቀረበ ንግግር)



ቀዶ ሕክምና በሰዓታት ውስጥ ይፈጸማል። ቁስሉ የሚድነው ግን በሳምንታትና በወራት ነው፤ ያውም ብዙውን ጊዜ ቀዳጁ ሐኪም በማያየው ቤት ውስጥ። ይህ ለማንኛውም ቀዶ ሕክምና የሚሠራ እውነት ነው። ለቁንጅና ሲባል የሰውነትን ስብ በሚያስወግደው ሕክምና ላይ ግን ጎልቶ ይታያል፤ ሕክምናውን ያደረገ ሰው ነገሩን ከቤተሰቡም ከጤና ሠራተኛውም ሊሰውር ይችላልና።

ሊፖሰክሽን የሚባለው ይህ ዘዴ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. በሮም ከተማ አርፓድና ጆርጆ ፊሸር በተባሉ አባትና ልጅ ተጀምሮ፣ በፓሪሱ ሐኪም በኢቭ ዤራር ኢሉዝ ተሻሻለ። አሠራሩ በትንንሽ ቀዳዳዎች ቀጭን የብረት ቱቦ አስገብቶ ስቡን መምጠጥ ነው። ከውጭ የሚታየው ቁስል እጅግ ትንሽ በመሆኑ ጉዳቱ ይናቃል፤ ከቆዳው ሥር ያለው ቁስል ግን ሰፊ ነው።

ከራያ ቆላ ወጥተው በአዲስ አበባና በዓረብ አገሮች ኑሯቸውን የሚመሩ ብዙዎች ናቸው። ከእነርሱ አንዷ ይህን ሕክምና አድርጋ ለማገገም ቆቦ ወዳለው የእናቷ ቤት ብትመጣ ምን ይገጥማታል? ይህን አስቀድሞ ማሰብ የጤና ሠራተኛው ፈንታ ነው።

የመጀመሪያው ጉዳይ መንገዱ ነው። ከአዲስ አበባ እስከ ቆቦ ከ550 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በደሴና በወልድያ አድርጎ በአውቶቡስ ለሚመጣ ሰው ጉዞው እግርን አጥፎ ሲቀመጡ መዋል ነው። ከቀዶ ሕክምና በኋላ ደግሞ ደም በእግር ሥሮች ውስጥ ሊረጋ ይችላል፤ የረጋው ደም ወደ ሳምባ ከሄደ ይገድላል። ስለሆነም ሐኪሙ ሳይፈቅድ መንገድ መጀመር አይገባም። ሲፈቀድም በየመቆሚያው ወርዶ መራመድና ውሃ መጠጣት ያስፈልጋል። አንድ እግር ብቻ ቢያብጥና ቢያም፣ ወይም ትንፋሽ ድንገት ቢያጥር፣ «የመንገድ ድካም ነው» ተብሎ መታለፍ የለበትም።

ሁለተኛው የቤቱ አያያዝ ነው። ሕመምተኛን እንደ አራስ አስተኝቶ፣ ገንፎ አብልቶ፣ ከነፋስና ከሽታ ጠብቆ ማስታመም የቆየ ልማድ ነው። ከዚህ ልማድ የሚደገፍ አለ፤ የሚታረምም አለ። ቁስል የሚጠገነው በገንቢ ምግብ ነውና ወተቱና እንቁላሉ፣ በጾም ወራትም ሽሮውና ምስሩ ይበርታ። ተኝቶ መዋል ግን ይታረም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ቀስ እያሉ በቤት ውስጥ መራመድ ይገባል። በቁስሉ ላይም ቅቤም ሆነ ቅጠል አይደረግ።

ሰውነትን አጥብቆ የሚይዘው ልብስ ብዙ ጊዜ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይለበሳል። በቆቦ ሙቀት ይህ ቀላል ፈተና አይደለም። መፍትሔው ልብሱን አውልቆ መጣል ሳይሆን፣ ሁለት ይዞ አንዱን እያጠቡና እያደረቁ መቀያየር ነው። የበለዘው ቆዳ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ባለው ጊዜ ይጠራል፤ ትክክለኛው ቅርፅ ግን ከ3 እስከ 6 ወር ሳይሞላ አይታይም። ይህ ያልተነገራት ሴት በሁለተኛው ሳምንት እብጠቷን አይታ «ሕክምናው ከሸፈ» ብላ ትጨነቃለች።

ሦስተኛውና ከሁሉ የከበደው ትኩሳት ነው። ራያ ቆላ ወባ የሚገኝበት አገር ነው። በዚያ ትኩሳት ይዞ ለመጣ ሰው በመጀመሪያ ወባ ይታሰባል፤ ይህም ተገቢ ነው። ሆኖም ሕመምተኛዋ ቀዶ ሕክምናውን ከደበቀች ቁስሉን የሚያይላት የለም። በደም ምርመራ ወባ ቢገኝባት እንኳ ቁስሉ ደኅና ነው ማለት አይደለም። ከቆዳ ሥር የሚነሣ መመረዝ፣ አልፎ አልፎም ቢሆን፣ በሰዓታት ውስጥ ሥጋን እያበሰበሰ ይስፋፋል። ከቁስሉ መልክ የሚበልጥ ሕመም፣ እየሰፋ የሚሄድ እብጠት፣ የቆዳ መጥቆር፣ የሚሸት ፈሳሽ ወይም መቃዠት ከታየ ሕመምተኛዋ ሳትውል ሳታድር ቀዶ ሕክምና ወደሚሰጥ ሆስፒታል መላክ አለባት። ክኒን ሰጥቶ «ነገ ተመለሺ» ማለት ሕይወት ያስከፍላል።

ከዚህ የሚከተለው ተግባር ብዙ ወጪ የለውም። ትኩሳት ያለበት ሁሉ፣ ዘመድ በሌለበት፣ «በቅርብ ጊዜ እዚህም ሆነ በውጭ አገር ቀዶ ሕክምና አድርገዋል ወይ?» ተብሎ ይጠየቅ። ጠያቂው ፊቱን ካጠቆረ ወይም ምክር መሳይ ወቀሳ ካስቀደመ መልሱን አያገኝም። ቀዳጁ ሐኪምም በበኩሉ የሕክምናውን ዓይነትና ቀን፣ የወጣውን ስብ መጠን፣ የተሰጡትን መድኃኒቶችና የሚገኝበትን ስልክ የያዘ ወረቀት፣ የቆቦ ጤና ሠራተኛ ሊያነበው በሚችለው ቋንቋ ጽፎ ይስጥ።

ሰውነትን ለማሳመር መታከም ይገባል ወይስ አይገባም የሚለው ክርክር ሌላ ቦታ አለው። በትኩሳት ተይዛ ደጃፍ ላይ ለቆመች ሴት ግን የሚጠቅማት ክርክሩ አይደለም። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» ይባላል። እውነት ነው፤ ነገር ግን በሽታውን ሳይፈራና ሳያፍር የሚናገርበትን በር መክፈት የባለሙያው ድርሻ ነው።