ጤነኛ የሚመስለው ውሻችን
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ ከቀረበ ንግግር)





ስለ ማዳበሪያና ስለ ምርጥ ዘር በሰፊው ሰምተናል። እኔ የተሰጠኝን አጭር ጊዜ ስለ ውሻ ልጠቀምበት። የውሻ ነገር ለአንዳንዶቻችን ቀላል ሊመስል ይችላል፤ ጉዳዩ ግን የበጎቻችንና የልጆቻችን ጉዳይ ነው።

አርሶ አደሩን «ለውሻህ የትል መድኃኒት ስጠው» ስንለው «ይበላል፣ ይጮኻል፣ ሌሊት ጅብ ያባርራል፤ ምን ሆነና?» ይለናል። አባባሉ ሐሰት አይደለም፤ ውሻው የታመመ አይመስልም። ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ኤኪኖኮከስ የሚባለው የውሻ የኮሶ ትል ርዝመቱ ከ2 እስከ 7 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው። በሺዎች ሆኖ አንጀቱ ውስጥ ቢኖር እንኳ ውሻው አብዛኛውን ጊዜ አይከሳም፣ አያስቀምጠውም። እንቁላሉ ግን ከዓይነ ምድሩ ጋር ወጥቶ በግጦሽ፣ በውሃ፣ በጓሮ አትክልትና በውሻው ፀጉር ላይ ይቀራል።

በጉ ወይም ከብቱ እንቁላሉን ከሣር ጋር ሲበላ በጉበቱና በሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይፈጠራል። ውሻ ሲያሻሽ የዋለ ልጅ እጁን ሳይታጠብ ሲበላም እንዲሁ ይያዛል። በሰው ላይ ከረጢቱ በዝግታ ስለሚያድግ ለዓመታት ሳይታወቅ ይቆያል፤ ሲታወቅም ብዙ ጊዜ ቀዶ ሕክምና ይጠይቃል።

ታዲያ ውሻው ካላሳየን በምን እንወቅ? አንደኛው መንገድ የዓይነ ምድር ምርመራ ነው። ይህ ለብዙ የአንጀት ትሎች ይጠቅማል። ነገር ግን የኤኪኖኮከስ እንቁላል በማይክሮስኮፕ ሲታይ ከሌሎች የውሻ የኮሶ ትሎች እንቁላል አይለይም። በየዕለቱም በእኩል መጠን አይወጣም። ስለዚህ አንድ ቀን «የለም» መባሉ ውሻውን ነፃ አያደርገውም። የትሉን ምልክት ከዓይነ ምድር ለይቶ የሚያወጣ የላቦራቶሪ ምርመራም አለ፤ በየወረዳው ክሊኒክ በቀላሉ የሚሠራ ግን አይደለም።

ሁለተኛው መንገድ በእጃችን ነው፤ እሱም የምናርደው በግ ጉበትና ሳንባ ነው። በግ ስናርድ ጉበቱ ላይ ንጹሕ ውሃ የቋጠረ ነጭ ከረጢት ካገኘን፣ በአካባቢው ትሉን የተሸከመ ውሻ እንደነበረ እናውቃለን። የየትኛው ቤት ውሻ እንደሆነ አይነግረንም፤ የመንደሩን ሁኔታ ግን ይነግረናል።

በዚያች ሰዓት የምናደርገው ነገር ወሳኝ ነው። «ይህ ለሰው አይሆንም» ብለን ጉበቱን ለውሻ የምንጥል ከሆነ፣ በሽታውን መልሰን ውሻው አንጀት ውስጥ ዘራነው ማለት ነው። ሰው የሚያዘው ከውሻ በሚወጣው እንቁላል ነው፤ ውሻ የሚያዘው ደግሞ እኛ በምንጥልለት ጥሬ ሥጋ ነው።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች አቀርባለሁ።

1ኛ. ከረጢት ያለበትን ጉበትና ሳንባ ማቃጠል፣ ወይም ውሻ ቆፍሮ በማያወጣው ጥልቅ ጉድጓድ መቅበር። በየመሠረታዊ ማኅበሩ አንድ ክዳን ያለው የእርድ ጉድጓድ ቢኖረን ወጪው ጉልበታችን ብቻ ነው።

2ኛ. ምልክት ሳንጠብቅ ለውሾቻችን ፕራዚኳንቴል የተባለውን መድኃኒት በእንስሳት ሐኪም ትእዛዝ፣ በክብደታቸው ልክ መስጠት። ለበጎች የምንገዛው አይቨርሜክቲን የኮሶ ትል አይገድልም። ትሉ እንቁላል መጣል የሚጀምረው ውሻው ከተያዘ ከስድስት ሳምንት ገደማ በኋላ ስለሆነ፣ ሕክምናው በየስድስት ሳምንቱ ቢደገም ይመረጣል። መድኃኒቱ እንቁላሉን ስለማይገድል፣ ከተሰጠው በኋላ ውሻውን ሁለት ቀን አስሮ ዓይነ ምድሩን ማቃጠል ወይም መቅበር ያስፈልጋል።

3ኛ. ልጆቻችን ውሻ ከነኩ በኋላና ከምግብ በፊት እጃቸውን በሳሙና እንዲታጠቡ ማስተማር።

መድኃኒቱ በየስድስት ሳምንቱ ለአንድ አባወራ ይከብዳል፤ ይህን አልሸሽገውም። የአንድ ሰው ውሻ ታክሞ የጎረቤቱ ቢቀርም ትርፉ ትንሽ ነው። ማኅበር የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። ዩኒየናችን መድኃኒቱን በጅምላ ቢገዛ፣ የወረዳው ኃላፊዎችም የእንስሳት ሐኪም መድበው በአንድ ቀን የመንደሩን ውሾች ሁሉ ብናክም ይቻላል። ኒውዚላንድ በበጎቿ ብዛት የታወቀች ናት፤ ጥሬ የሆድ ዕቃ ለውሻ እንዳይሰጥ ከልክላ፣ ውሾችንም እየመረመረችና እያከመች እ.ኤ.አ. በ2002 በጊዜያዊነት ከዚህ በሽታ ነፃ መሆኗን አስታውቃለች። ሥራው ግን አሥርት ዓመታት ወስዶባታል።

እኛ ከጉድጓዱ እንጀምር። ለመጪው በዓል በግ የምናርድ ሁሉ ጉበቱን ገልብጠን እንይ፤ ያየነውንም ለማኅበራችን ጸሐፊ እንንገር። ውሻው አይናገርምና እኛ እንናገርለት።