አባትም ልጁን ያጉርስ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፤ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን ሆይ፤

በአገራችን ማጉረስ የፍቅር ምልክት ነው። አባወራው እንግዳውን ያጎርሳል፤ ወዳጁንም ያጎርሳል፤ የአብራኩን ክፋይ ግን ሕፃን ሳለ በገዛ እጁ ያጎረሰ አባት ጥቂት ነው። ሕፃንን መመገብ የእናት ሥራ ብቻ ነው ተብሎ ስለ ተለመደ፤ ብዙ አባት እህሉን ወደ ጎተራ ካስገባ ወይም ለአስቤዛ ገንዘብ ከሰጠ በኋላ ግዴታውን የፈጸመ ይመስለዋል።

ነገር ግን ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በጥብርያዶስ ባሕር ዳር ያደረገውን አስተውሉ። ደቀ መዛሙርቱ ሌሊቱን ሙሉ ሲደክሙ አድረው በመጡ ጊዜ፤ እንደ ልጆች ጠርቶ፤ ፍም አዘጋጅቶ፤ እንጀራውንና ዓሣውን በእጁ ሰጣቸው። የዓለም ፈጣሪ ከእሳት አጠገብ ሆኖ ማብላትን ካልናቀ፤ አባወራ በምን ያፍራል?

ነገሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። በ2011 ዓ.ም. በአገራችን በተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ጥናት፤ ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች ከሆኑት 100 ሕፃናት መካከል 37ቱ ቁመታቸው ለዕድሜያቸው የሚገባውን ያህል ሳያድግ ተገኝቷል። ጉዳቱ ከቁመት አልፎ አእምሮን ይነካል፤ አብዛኛውም የሚደርሰው ከፅንስ አንሥቶ 2 ዓመት እስኪሞላ ባለው ጊዜ ነው።

እንግዲህ አባት ምን ያድርግ? እስከ 6 ወር የሕፃኑ ምግብ የእናቱ ጡት ብቻ ነው፤ ውኃም አያስፈልገውም። በዚህ ጊዜ አባት ልጁን የሚመግበው እናቲቱን በመመገብ፤ ውኃ በመቅዳትና እንጨት በመፍለጥ እርሷን በማሳረፍ ነው። 6 ወር ሲሞላ ጡት ሳይቋረጥ ምግብ ይጀመርለት፤ ጡቱም እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይቀጥል። ገንፎው ከማንኪያ የማይፈስ፤ ወፈር ያለ ይሁን። ከእህሉ ጋር ምስር ወይም ባቄላ፤ አትክልት፤ ወተትና ዕንቁላል ይጨመርለት። በመጀመሪያ በቀን 2 ወይም 3 ጊዜ፤ ከ9 ወር በኋላ 3 ወይም 4 ጊዜ ይመገብ። አባትም እጁን ታጥቦ አጠገቡ ይቀመጥ፤ ሳያስገድድ፤ ሳይቸኩል ያጉርሰው። ለዚህ ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አያስፈልግም።

አንድ ነገር በተለይ ላሳስባችሁ። ጾም ሲገባ ወተትና ዕንቁላል ከቤት ይጠፋል፤ የጡት ልጅም ሳይታዘዝ ከአዋቂ ጋር ይጾማል። ቤተ ክርስቲያናችን ግን ከ7 ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት እንዲጾሙ አላዘዘችም። እናቲቱ ዕቃው ፍስክ እንዳይነካው፤ ጎረቤትም እንዳያማት ትፈራለች። ይህን ፍርሃት ማራቅ የአባት ድርሻ ነው። ለሕፃኑ ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለይቶ ይግዛለት፤ ዶሮዋ የጣለችውን ዕንቁላል ሁሉ ለገበያ አያውጣ፤ ለሚጠይቀውም ሁሉ ለልጄ ነው ብሎ ሳያፍር ይመልስ። እርሱ እየጾመ ልጁን ዕንቁላል ቢያጎርስ ጾሙ አይፈርስም፤ ለደካማ መራራት የጾም ፍሬ ነውና።

ወንድሞቼ ሆይ፤ ልጅ አደራ ነው። አደራ ተቀባይም ስለ ተቀበለው ይጠየቃል። ዛሬ ማታ መሶቡ ሲቀርብ፤ ከራሳችሁ አስቀድማችሁ የሕፃኑን ድርሻ እዩ።

ሕፃናትን የባረከ አምላክ ልጆቻችሁን በጤና ያሳድግላችሁ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።