አዲሱ መጫወቻና የጥንቱ ጨዋታ

(በሬድዮ የተነገረ)



የዛሬው ንግግሬ ስለ ጨዋታ ነው። ስለ ጨዋታ መናገር ሥራ መፍታት የሚመስለው ሰው አይጠፋም። ዳሩ ግን አንድ ሕዝብ በምን እንደሚደሰት ሳይጠየቅ ምን ዓይነት ሕዝብ እንደ ሆነ በሚገባ ሊታወቅ አይችልም። ስለዚህ ጥቂት ጊዜያችሁን እንድትለግሱኝ በትሕትና እለምናለሁ።

አማርኛችን ሰው የሚዝናናበትን ሥፍራ «መናፈሻ» ይለዋል፤ ነፋስ የሚቀበሉበት ማለት ነው። የላይ ጋይንት ዋና ከተማ ደግሞ ስሟ ነፋስ መውጫ ነው። ከጉና ተራራ በስተምሥራቅ፣ ከወረታ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ 3,000 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ የተቀመጠች ስለ ሆነች፣ የዚያ አገር ሰው ነፋስ ለመቀበል ከቤቱ መውጣት አያስፈልገውም፤ ነፋሱ ራሱ ደጁ ድረስ ይመጣለታል። ይሁን እንጂ መናፈሻ የሚያሰኘው ነፋሱ ብቻ አለመሆኑን የሚያስረዳ አንድ ክርክር በዚያ አገር በቡናውም በጠላውም ላይ ይሰማል።

በ2012 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በታላቁ ቤተ መንግሥት ግቢ የአንድነት ፓርክ፣ በ2013 ዓ.ም. ደግሞ የእንጦጦ ፓርክ ተከፍተዋል። በእንጦጦ ሰው በሽቦ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ ዛፍ ለዛፍ ይንሸራተታል፤ ትንንሽ መኪናም ይነዳል። ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ ወደ አዲስ አበባ ሄዶ ይህን ያየ ወጣት ወደ አገሩ ሲመለስ፣ «ለእኛስ ልጆች እንዲህ ያለ መጫወቻ የሚቆመው መቼ ነው?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ሽማግሌው ደግሞ፣ «ጉግሱ፣ የገና ጨዋታው፣ ሽለላውና ፉከራው፣ የአዝማሪው ማሲንቆ እያሉን ምን ጎደለንና?» ይላል። ክርክሩም ከዚህ ይጀምራል።

ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት ቁም ነገር አላቸውና በቅድሚያ የወጣቶቹን እናዳምጥ። «በዓል በዓመት የሚውለው በቁጥር ነው፤ ልጅ ግን መጫወት የሚፈልገው በየቀኑ ነው። ጉግስ ፈረስ ላለው ሰው ነው፤ ፈረስ የሌለው ዳር ቆሞ አቧራ ይቅማል። ሴት ልጅ በገናው ሜዳ ላይ ቦታ የላትም። ፉከራው ዓምና የሰማነው፣ ካቻምናም የሰማነው ነው። አዝማሪውም ቢሆን ብር ያወጣለትን ሰው ሁሉ ጅብ ሳያባርር አንበሳ ገዳይ ያደርገዋል» ይላሉ።

ሽማግሌዎቹም በበኩላቸው፣ «መጫወቻው ይሽከረከራል፣ ልጁም ይጮኻል፤ ከወረደ በኋላ ግን የሚተርፈው ራስ ማዞር ብቻ ነው። መብራት የጠፋ እንደ ሆነ ጨዋታው ያከትማል፤ ማሲንቆ ግን በኩራዝ ብርሃንም ይመታል። በአዲሱ መጫወቻ ላይ ሰው ከጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ ሳይተዋወቅ ይወርዳል» ብለው ይመልሳሉ።

ይህ ክርክር የጋይንት ብቻ አለመሆኑን ልብ ማለት ይገባል። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በሐምሌ 1955 በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ዲዝኒላንድ የተባለው ታላቅ የመጫወቻ ሥፍራ ሲከፈት፣ ከሚሽከረከሩትና ከሚበሩት መጫወቻዎች ጋር «ጎልደን ሆርስሹ» በሚባል አዳራሽ ውስጥ ሰዎች በአካል የሚዘፍኑበትና የሚያስቁበት ትርኢት አብሮ ተጀመረ። ትርኢቱ እስከ 1986 ድረስ ለ31 ዓመታት በመቆየቱ በብዛት የታየ የሙዚቃ ትርኢት ተብሎ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ላይ ሠፈረ። በመጨረሻ ግን ቀረ። እንዲህ ያለ ነገር በቀረ ቁጥር በነዚያ አገሮች የመናፈሻ ወዳጆች ለሁለት ይከፈላሉ፤ አንደኛው ወገን «አርጅቶ ነበር፣ ቦታውን ለአዲስ መልቀቅ አለበት» ሲል፣ ሌላው «የልጅነታችንን ትዝታ አፈረሱት» ብሎ ያዝናል።

ባለቤቶቹ በአካል የሚታየውን ትርኢት ለመተው የሚቸኩሉበት ምክንያት ግልጽ ነው። መኪና አንድ ጊዜ ይገዛል፤ ከዚያ በኋላ ዘይቱንና መለዋወጫውን ይጠይቃል እንጂ ደመወዝ፣ ዕረፍትና ልምምድ አይጠይቅም። ተጫዋች ግን በየቀኑ ይበላል፣ ይታመማል፣ ያረጃል። ስለዚህ በሒሳብ መዝገብ ላይ ሲታይ መኪናው ሁልጊዜ አሸናፊ ነው።

ነገር ግን በሒሳብ መዝገብ ላይ የማይጻፍ አንድ ነገር አለ። በዚያ በዲዝኒላንድ አዳራሽ ውስጥ ዎሊ ቦግ የሚባል አስቂኝ ተጫዋች ለብዙ ዓመታት ሠርቷል። በዚያው መናፈሻ ውስጥ በትንሽ ሥራ ተቀጥሮ የነበረ አንድ ልጅ ደግሞ የዚህን ሰው ጨዋታ እየደጋገመ ያይ ነበር። ያ ልጅ ካደገ በኋላ በዓለም የታወቀው ቀልደኛ ስቲቭ ማርቲን ሆነ፤ ጥበቡንም ከዎሊ ቦግ መቅሰሙን ራሱ መስክሯል። ሰው የሚያሳየው ትርኢት ተመልካቹን ተጫዋች አድርጎ ሊያወጣው ይችላል። የሚሽከረከር ወንበር ግን የተቀመጠበትን ልጅ የፈለገውን ያህል ቢያስደስተው ወራሽ አያደርገውም።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። አዝማሪው ማሲንቆውን ይዞ ሲቆም፣ ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል» ይልና ግጥም ይሰጠዋል፤ አዝማሪውም በዜማ አድርጎ ይመልሰዋል። በዚያች ሰዓት ባለ ትርኢቱ ማን ነው? ተመልካቹስ የትኛው ነው? ግጥም ሰጪው ሰምና ወርቁን አሳምሮ ከሰጠ አዝማሪው ይነሣሣል፤ የሚሰጥ ሰው ከጠፋ ግን አዝማሪው የቱንም ያህል ቢጎብዝ፣ የዓምናውን ከመደጋገምና ባለ ገንዘቡን ከማወደስ በቀር ሌላ መንገድ አይኖረውም። እንግዲህ ወጣቶቹ «ጨዋታው አረጀ» ሲሉ እውነት ነው፤ ዳሩ ግን ያረጀበት ምክንያት ዕድሜው አይደለም። «ተቀበል» የሚለው ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ አንሺ በመሆኑ ነው።

አዲስ ነገር በመጣ ጊዜ የቀድሞው ሁሉ ይጠፋል ብሎ መፍራትም አያስፈልግም። በአዲስ አበባ የመጀመሪያው የሲኒማ ቤት «ሰይጣን ቤት» የሚል ስም ወጥቶለት ነበር፤ ዛሬ ግን ሲኒማን የሚፈራ ሰው የለም። በ1927 ዓ.ም. የተቋቋመው የሀገር ፍቅር ማኅበር ቴያትርና በ1948 ዓ.ም. የተከፈተው የዛሬው ብሔራዊ ቴያትር ሬድዮም፣ ሲኒማም፣ ቴሌቪዥንም ሲመጡ አይተዋል። በ1990ዎቹ ዓ.ም. የአማርኛ ፊልሞች በየአዳራሹ ሲበዙና ተመልካቹ ወደዚያ ሲያዘነብል ቴያትር አለቀለት የሚሉ ነበሩ። አዲስ ተውኔት በተጻፈና በሚገባ በተጠና ጊዜ ግን ሰው ወደ ቴያትር መመለሱ አልቀረም፤ ያው የተለመደው ብቻ በቀረበ ጊዜ ወንበሩ ባዶ ሆነ። አባቶቻችን «ጨው ሆይ፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፤ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» ያሉት ለዚህ ነው።

የጥንቱ ጨዋታ ሊጣፍጥ መቻሉን የሚያሳይ ምስክር ሩቅ አይደለም። በአገው ምድር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የሰባት ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር፣ በዓድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሶች ውለታ እያሰበ፣ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ በዓሉን ማክበር ልማድ አድርጓል። ማኅበሩ የቆየው ፈረስ ስላለ ብቻ አይደለም፤ ፈረስ በጋይንትም በስማዳም ሞልቷል። የቆየው አባል ስለ መዘገበ፣ ደንብ ስላወጣና ቀን ስለ ቈረጠ ነው።

ከባሕር ማዶም ሌላ ምሳሌ ልጥቀስ። በምዕራብ ፈረንሳይ በቫንዴ አውራጃ፣ ፑይ ዱ ፉ በሚባል ሥፍራ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1978 የአካባቢው መንደር ሰዎች በፈረሰ ግንብ ሥር ተሰብስበው የአገራቸውን ታሪክ በሌሊት በትርኢት ማሳየት ጀመሩ። ተጫዋቾቹ ያለ ደመወዝ የሚሠሩ የዚያው አገር ነዋሪዎች ናቸው። ከጊዜ በኋላ ከዚያው አጠገብ ታላቅ መናፈሻ ተሠራ፤ በውስጡም የሚሽከረከር መጫወቻ ሳይቆም፣ በሰው ትርኢት ብቻ በዓመት ከ2 ሚሊዮን በላይ ጎብኚ የሚስብ ሆነ። ይህን የምናገረው ፈረንሳይን እንድንመስል አይደለም። ገበሬ በገዛ ታሪኩ ተጫዋች ሊሆን እንደሚችል ለማስረዳት ብቻ ነው። በጨጨሆ በር ዐፄ ቴዎድሮስ ወደ መቅደላ ሲጓዙ ሴባስቶፖልን ያስጎተቱበት አገር፣ ለትርኢት የሚሆን ታሪክ ያጣል ብሎ የሚያስብ የለም።

ክቡራን አድማጮች፤ ነገሩ ከመዝናናት ያለፈ መሆኑን የሚያሳይ አንድ ሌላ ጉዳይ አለ። በነሐሴ ወር 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ድረስ በዘለቀ ጊዜ ከተማዋ ለቀናት በተዋጊዎች እጅ ወድቃ ነበር። በነዚያ ቀናት በሴቶች ላይ የተፈጸመውን ከባድ በደል አምነስቲ ኢንተርናሽናል በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ዘገባ መዝግቦታል። ከዚያም በኋላ ሰላሙ ሙሉ ሆኖ አልሰነበተም። እንዲህ ያለ ነገር የደረሰበት ሕዝብ እንደገና በአንድ ሜዳ ላይ ወጥቶ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጠጋግቶ እኩል ማጨብጨቡ ቀላል ነገር አይደለም።

የጥንቱ ጨዋታ ደግሞ የደስታ ቀን ብቻ አይደለም። በሠርግ ቀን ግጥም የሚደረድር አንደበትና በሐዘን ቀን የሟቹን ስም ጠርቶ ሙሾ የሚያወርድ አንደበት ምንጫቸው አንድ ነው። በሠርጉ ግጥም መስጠትና መቀበል የተወ አገር፣ በሐዘኑም ቀን ቃል ያጣል። በመጫወቻ መኪና ልጅ ይደሰትበታል፤ ይህም መልካም ነው። ሰው ግን አይለቀስበትም።

እንግዲህ ምን ይደረግ? የእኔ አሳብ እንደሚከተለው ነው።

አንደኛ፣ ለልጆች አዲስ መጫወቻ ይሠራ። ልጅ በየቀኑ መጫወት ያስፈልገዋልና በዚህ ነገር ወጣቶቹ ልክ ናቸው። ነገር ግን ለትምህርት ቤት በቀረበ ቦታ ይሁን እንጂ በጥምቀቱና በጉግሱ ሜዳ ላይ አይሁን። መጫወቻ ቢያረጅ ይነቀላል፤ አንድ ጊዜ የታጠረና ቤት የተሠራበት ሜዳ ግን አይመለስም። የጥምቀት በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ መዝገብ ሲሠፍር የተመዘገበው ሰው ተሰብስቦ የሚያከብረው ሥርዓት መሆኑን አንርሳ፤ ሕዝብ ደግሞ የሚቆምበት መሬት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ሕዝብ በሚጫወትበት ሰዓት የድምፅ ማጉያው ዝም ይበል። ማሲንቆ አንዲት የፈረስ ጭራ ጅማት ብቻ ያላት መሣሪያ ናት፤ ከመቶ ሜትር ላይ ከሚጮኽ ማሽን ጋር አወዳድሮ «ተሸነፈች» ማለት ፍርደ ገምድልነት ነው።

ሦስተኛ፣ አዝማሪው በውዳሴው ብዛት ሳይሆን አስቀድሞ በተስማማበት ዋጋ ይከፈለው። ከዚያ ወዲያ እውነት የሚናገርበት ነጻነት ይኖረዋል። ሽለላና ፉከራ የሚያውቁ አባቶችም የቀድሞውን ጀግና ብቻ ከማንሣት ይልቅ፣ የታጠበውን አፈር በእርከን ያቆመውን፣ በድርቅ ዘመን ጎረቤቱን የቀለበውንም ይጨምሩበት። በጋይንት እንዲህ ያሉ ጀግኖች ሞልተዋል፤ ስማቸውን የሚጠራ ብቻ ነው የጠፋው።

አራተኛ፣ ልጆች፣ ሴቶቹም ወንዶቹም፣ ግጥም መስጠትን በትምህርት ቤት ይለማመዱ። የፈረስ ዋጋ ለሁሉም ቤት አይደርስም፤ ቃል ግን ለማንም አይነፈግም። በገናውም ሜዳ ለሴት ልጅ ሩር የምትመታበት ቦታ ይሰጣት። በቀድሞው ዘመን በገና ዕለት ጌታና ሎሌ እኩል ይጋፉ ዘንድ ልማዱ ከፈቀደ፣ ለእኅታችንስ የማይፈቅደው ስለ ምን ነው?

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፤ ለሃምሳ ሰው ግን ጌጡ ነው» ይባላል። የጥንቱን ጨዋታ ለአዝማሪው ብቻ ያሸከምነው እንደ ሆነ ከብዶት ይጥለዋል፤ ስንካፈለው ግን ጌጣችን ይሆናል። ስለዚህ በመጪው ጥምቀት ወይም በሚቀጥለው ሠርግ ማሲንቆ በተመታ ጊዜ፣ ከእናንተ መካከል አንዱ ስልኩን ወደ ኪሱ መልሶ «ተቀበል» እንዲል አደራ እላለሁ። ግጥሙ ባያምርም ግድ የለም፤ አዝማሪው ያሳምረዋል።