ሊጡን እንጂ ሰዓቱን አትመልከቱ
በኢስትሊ የቀረበ ንግግር

(ከዚህ በታች የምታነቡት ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ውስጥ ለተሰበሰቡ ኢትዮጵያውያን ስደተኞች በአንዲት ዳቦ ጋጋሪ የቀረበ ንግግር ነው። በካምፕ ሆነው ዳቦ እየጋገሩ ለሚሸጡና ለመጀመር ለሚያስቡ አንባቢዎቻችን ይጠቅማል ብለን ስላመንን በጥቂቱ አሳጥረን አቅርበነዋል። — የዝግጅት ክፍሉ)



ስለ ዳቦ ተናገሪ ስባል መጀመሪያ ሳቅሁ። ከመካከላችን ዳቦ መጋገር የማያውቅ ማን አለ ብዬ ነው። በኋላ ግን ሳስበው፣ እኔ ራሴ አገር ቤት ስንት ዓመት ድፎ ስደፋ ኖሬ፣ ኢስትሊ በገባሁበት በመጀመሪያው ሐምሌ አንድም ለእንግዳ የሚቀርብ ዳቦ ማውጣት አቅቶኝ እንደነበር ትዝ አለኝ። ሊጡ እንደ ድንጋይ ቁጭ ይላል። ከዚያ ካኩማ ወርጄ ሁለት ዓመት ስቀመጥ ደግሞ ነገሩ ተገለበጠ። ሊጡን ሸፍኜ ውኃ ልቀዳ ሄጄ ስመለስ ከሳፋው ወጥቶ መሬት ላይ ፈስሶ አገኘሁት። ያው ዱቄት፣ ያው እጅ፣ ያው እርሾ ነው። የተለወጠው አገሩ ብቻ ነው።

ምክንያቱን ለመረዳት ብዙ ትምህርት አያስፈልግም። እርሾ ሕይወት ያለው ነገር ነው። ሲሞቀው ይሠራል፣ ሲበርደው ይተኛል፣ ከ55 እስከ 60 ዲግሪ ሙቀት ውስጥ ሲገባ ይሞታል። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት፤ ናይሮቢ ወደ 1,800 ሜትር ግድም፤ ካኩማ ግን ከ600 ሜትር ብዙም አይርቅም። ናይሮቢ በሐምሌና በነሐሴ ሰማዩ ደመና ለብሶ ይውላል፣ ሌሊቱም ይቀዘቅዛል። ካኩማ ቀኑን 35 ዲግሪና ከዚያም በላይ መሆኑ የተለመደ ነው። እንግዲህ እናታችን «ሁለት ሰዓት አቆዪው» ያለችን ለራሷ ቤትና ለራሷ አየር ነው እንጂ ለዓለም ሁሉ አይደለም። በመሆኑም ዛሬ ላሳስባችሁ የምወደው ዋና ነገር፣ ሊጡን እንጂ ሰዓቱን አትመልከቱ የሚለው ነው።

ሊጡ እንዴት ይታያል? ጣታችሁን ዱቄት አስነክታችሁ የተድቦለቦለውን ሊጥ በቀስታ ጫን በሉት። ጉድጓዱ ወዲያው ከሞላ ገና ነው፣ ተዉት። ቀስ ብሎ እየተመለሰ ትንሽ ምልክት ካስቀረ ደርሷልና እሳቱ ይዘጋጅ። ጨርሶ ካልተመለሰና ሊጡ ተንፍሶ ከተኛ ግን አልፎበታል። ያለፈበትን ሊጥ የሚጥል ሰው አይቻለሁ፤ ጣዩ እኔም ነበርኩ። አትጣሉት። እንደገና አሽታችሁ ጥቂት ዱቄት ጨምሩበትና ሳሳ አድርጋችሁ አምባሻ ጋግሩት። አምባሻ እንደ ድፎ ብዙ ኩፍ ማለት ስለማይፈልግ ያለፈበትን ሊጥ ይቀበላል። ነጣ ያለና መጠነኛ ኮምጣጣ ቢሆን እንጂ ይበላል፣ ይሸጣልም።

ሌላው ዘዴ ይኸው እዚህ ጠረጴዛው ላይ ያስቀመጥኩት ብርጭቆ ነው። ሊጡ ሲቦካ የእንቁላል ያህል ቆርሳችሁ ቀጥ ባለ ብርጭቆ ውስጥ አስቀምጡ። የደረሰበትን በከሰል ምልክት አድርጉ፣ እጥፉ የሚደርስበትንም እንዲሁ። ብርጭቆውን ከሳፋው ጎን አኑሩት። በሳፋ ውስጥ ያለው ሊጥ ጨምሯል አልጨመረም ብሎ መገመት ያስቸግራል፤ ብርጭቆው ግን አይዋሽም።

አሁን ስለ መጠን። ለ1 ኪሎ የስንዴ ዱቄት ውኃው 600 ሚሊ ሊትር ያህል፣ ጨው 3 የሻይ ማንኪያ። በደረቁ የሚሸጠውን የእርሾ ዱቄት እዚህ ኢስትሊ 2 የሻይ ማንኪያ አደርጋለሁ፤ በብርዱ ወቅት እስከ 3። ካኩማ ቀን ለቀን ለሚጋገር 1 ይበቃል። ካኩማ ሳለሁ በመጨረሻ የተሳካልኝ ግን ሌላ ነው። ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ሩብ የሻይ ማንኪያ እንኳ በማይሞላ እርሾና በቀዝቃዛ ውኃ አቦክቼ አሳድረው ነበር። ሌሊቱን ቀስ ብሎ ስለሚነሳ ጣዕሙ ከቀን ሊጥ ይበልጣል፤ ጎሕ ሲቀድ ተጋግሮም ለጠዋት ሻይ ይደርሳል። ሙቀቱ ከበረታ ሳፋውን ውኃ የተረጨ አሸዋ ላይ አስቀምጡና እርጥብ ጨርቅ በላዩና በዙሪያው አልብሱት። የካኩማ አየር ደረቅ ስለሆነ እርጥቡ ጨርቅ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል።

የኬንያን ዱቄት በተመለከተ አንድ ነገር ልብ በሉ። «ሰልፍ ሬይዚንግ» የሚል የተጻፈበት ፓኬት ቤኪንግ ፓውደር ቀድሞ የገባበት የኬክ ዱቄት ነውና ለእርሾ ዳቦ አትግዙት። አንባቢ ልጅ ከሌላችሁ ባለሱቁን ጠይቁ። ለመሸፈኛም ፌስታል የለመድን ነን፤ ይሁን እንጂ ኬንያ ከነሐሴ 2017 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ የላስቲክ መያዣ ከረጢት ስለከለከለች፣ በእርጥብ ጨርቅ ላይ የተገለበጠ ትሪ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

ወደ ኢስትሊ ብርድ ልመለስና ሳልናገር ማለፍ የማልችለውን ልንገራችሁ። በዚያው በመጀመሪያው ሐምሌ ሊጡ እንቢ ሲለኝ፣ የሚጤስ ጂኮ ወደ ክፍላችን አስገባሁ። ሙቀቱ እንዳይወጣ በሩን ዘጋሁ፣ በመስኮቱ ቀዳዳም ጨርቅ ወተፍኩ። አራት ሴቶች ነበርን። ጥቂት ቆይቶ ራሴን አመመኝ፤ ድካም ነው ብዬ ጋደም አልኩ። ከመካከላችን አንዷ ልትነሳ ስትል ወደቀች። ጎረቤት ድምፁን ሰምታ በሩን ባትበረግደው ኖሮ ዛሬ እዚህ ቆሜ አልናገርም። የከሰል መርዝ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም። ከሰሉ ቢቀላና ጭሱ ቢጠፋ እንኳ ጋዙ አይጠፋም። ልጆች አብረውን ይተኛሉ። ሊጥ ለማሞቅ እሳት አያስፈልግም። ሳፋውን በካርቶን ውስጥ አስገቡ፣ ክዳኑ የተዘጋ የሞቀ ውኃ ጆግ ከጎኑ አኑሩ፣ ብርድ ልብስ ጣል አድርጉበት፤ በቂ ነው። ጂኮው ደጅ ይደር።

አሁን ወደ ዕቃው። ሰው ዳቦ ልሽጥ ሲል መጀመሪያ ዓይኑ የሚያርፈው በሚያብረቀርቀው ላይ ነው። እኔም ከዚያ አላመለጥኩም። የእቁብ ዕጣዬ ሲወጣ ከአንድ ነጋዴ ያገለገለ የኤሌክትሪክ ምጣድ ገዛሁ። በሁለተኛው ቀን ሶኬቱ ቀልጦ ግድግዳው ጠቆረ፣ የፎቁ መብራት ጠፋ፣ የቤቱ ጠባቂም ጮኸብኝ። ነጋዴው ገንዘቤን አልመለሰም። ጥፋቱ ከሒሳቡ እንደሆነ የነገረኝ አንድ የመብራት ሠራተኛ ነው። የኬንያ ባለ ሦስት እግር ሶኬት የሚሸከመው 13 አምፔር ነው፤ በ240 ቮልት ሲባዛ 3,120 ዋት ይሆናል። የኛ የኤሌክትሪክ ምጣድ ብዙውን ጊዜ 3,500፣ አንዳንዱም 4,000 ዋት ይፈልጋል። አገር ቤት ለምጣዱ ወፍራም ሽቦ ለብቻው ይዘረጋለታል፤ የኪራይ ክፍል ውስጥ ያ የለም። ስለዚህ ማናቸውንም የኤሌክትሪክ ዕቃ ከመግዛታችሁ በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ዋት አንብቡ። በካምፕ ከግል ጄኔሬተር ወይም ከሶላር መስመር የምትገዙ ደግሞ ሻጩን ስንት ዋት እንደሚችል አስቀድማችሁ ጠይቁ።

በኔ አስተያየት የመጀመሪያው ገንዘብ መዋል ያለበት ውስጡ ሸክላ በተለበጠ ጂኮ ላይ ነው። ይህ ምድጃ በኬንያ በ1980ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የተሠራ ነው። አዲስ አበባ ከነበራችሁት መካከል «ላቀች» የተባለችውን የከሰል ምድጃ የምታስታውሱ ትኖራላችሁ፤ እርሷም ከዚሁ ከኬንያው ተቀድታ በ1990ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ወደኛ የመጣች ናት። እኛ እዚህ ያገኘናት ቀድሞ ከምናውቃት ልጅ እናት ጋር ነው ማለት ይቻላል። ሸክላው ሙቀቱን ስለሚይዝ ከተራው የቆርቆሮ ጂኮ ሲነጻጸር ከሰሉን በሲሶ ያህል ይቀንሳል። ካኩማ ውስጥ ማገዶ ከአካባቢው ከቱርካና ሕዝብ ጋር ሲያቃቅር የኖረ ነገር መሆኑን እናንተው ታውቃላችሁ። ስትገዙ ሸክላውን በጣት ቆርቆር አድርጉት፤ የተሰነጠቀው ድምፁ ይደፈርሳል። የአየር መግቢያው በር መከፈትና መዘጋቱንም እዩ፤ በር የሌለው ጂኮ እሳቱን አያዝላችሁም። የመጀመሪያውን ቀን በትንሽ ከሰል ቀስ ብላችሁ አሙቁት።

ቀጥሎ ድስት። እጀታ የሌለውን የኬንያ ድስት ሱፉሪያ ይሉታል። ጎኑን በአውራ ጣት ጫን ስትሉት የሚጎብጠውን አትንኩ፤ ለዳቦ ወፍራሙን ምረጡ። በትልቁ ሱፉሪያ ታች ሁለት ጣት ያህል ደረቅ አሸዋ አልብሱ፣ ሦስት ጠጠር አስቀምጡ፣ ሊጡ ያለበትን ትንሽ መጋገሪያ በላዩ አኑሩ፣ ጠፍጣፋ ብረት ክደኑበትና በክዳኑ ላይ ፍም አድርጉ። እሳቱ ከላይ የበዛ፣ ከታች ያነሰ ይሁን። ኮባ ስለሌለ ናይሮቢ ያላችሁ የሙዝ ቅጠል ታገኛላችሁ፤ ካምፕ ያላችሁ ዘይት የተቀባ የዱቄት ወረቀት ተጠቀሙ። ከሰል ያጠረ ዕለት ደግሞ ሕብስት አለ። በድስቱ ታች ውኃ፣ በላዩ እንጨት ርብራብ፣ ከዚያ ሊጡ፤ በእንፋሎት ስለሚበስል የላይ እሳት አይፈልግም።

በካሙኩንጂ ብረት ቀጥቃጮች ዘንድ ርካሽ መጋገሪያ ይገኛል፤ እጃቸውም የተባረከ ነው። ይሁን እንጂ ከጣሪያ ቆርቆሮ የተሠራውን ለዳቦ አትግዙ። ዚንክ የተለበጠ ስለሆነ በኃይለኛ እሳት ላይ የሚያወጣው ጢስ ያሳምማል። ጥቁር የብረት ላሜራ ስጡኝ በሏቸው። ከዕርዳታ ዘይት ቆርቆሮ መጋገሪያ የምትሠሩም ውጭውን ቀለም አስቀድማችሁ ባዶውን ደጅ ላይ አቃጥሉት፣ ነፋሱም ወደ እናንተ አይሁን። የእንጀራ ሊጥ ወይም ኮምጣጤ ያለበትን ነገር በአልሙኒየም ድስት አታሳድሩ፣ ብረቱን ይበላዋል። የምግብ ዘይት የነበረበት ባልዲ ይሻላል። ቀለም ወይም ኬሚካል የነበረበትን ግን ሃያ ጊዜ ብታጥቡት እንኳ ለሊጥ አይሆንም።

ዕቃ ሁሉ ከተሟላ በኋላ ገንዘብ ቢተርፍ ትንሽ ሚዛን ግዙ። ማሽን ማቡኪያ የሚያምራችሁ አላችሁ፤ በቀን 20 ኪሎ የማታቦኩ ከሆነ እጃችሁ ይበቃል። ሚዛን ግን ዛሬ የወጣው ዳቦ ነገም እንዲደገም ያደርጋል፤ ደንበኛም የሚመጣው ለዚያ ነው። ሚዛን እስኪገኝ ድረስ ሁልጊዜ አንድ ኩባያ ብቻ ተጠቀሙ፣ ዱቄቱንም ሳትጠቀጥቁ ስፈሩ።

ጥያቄ እንዳላችሁ አያለሁ። ነገር ግን ብርጭቆውን ተመልከቱ፤ ንግግሬን ስጀምር ከታችኛው ምልክት ላይ የነበረው ሊጥ ከላይኛው ደርሷል። ሁለታችሁ ሳፋውን አምጡልኝ። ጂኮውን የምታቀጣጥሉ ልጆች ደግሞ እባካችሁ ከበሩ ወጣ ብላችሁ፣ ከደጁ።