ሸክም የሚችል ብስክሌት ስንመርጥ



ዛሬ ጠዋት እዚህ ካዛንቺስ፣ በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት በተሠራው የብስክሌት መንገድ ላይ ቀጭን ጎማ ያላቸው ብስክሌቶች ሲከንፉ አይቼ የመጀመሪያ ብስክሌቴ ትዝ አለኝ። እኔም ፍጥነቱ ማርኮኝ እንዲህ ያለ ገዝቼ ነበር። 12.5 ኪሎ የበቆሎ ምርጥ ዘር ጭኜ ወደ አንድ አርሶ አደር ስሄድ ጠጠር መንገድ ላይ የኋላው ቸርኬ ተጣመመ፤ ከረጢቱም ወድቆ ተቀደደና ዘሩ ጭቃ ውስጥ ፈሰሰ። ለግማሽ ሄክታር የሚበቃ ዘር ነበር። አርሶ አደሩ ግን አልተቆጡኝም፤ «ልጄ፣ ይህ ለአንተ እንጂ ለዘሩ አልተሠራም» አሉኝ።

ስለዚህ ስትመርጡ ከፍጥነቱ በፊት መንገዱንና ሸክሙን አስቡ። ለአስፋልትም ለጠጠርም የሚሆነው የጎማ ስፋት ከ35 እስከ 40 ሚሊ ሜትር ነው። የኋላ ዕቃ መጫኛው በብሎን የሚታሰርበት ቀዳዳ መኖሩን ተመልከቱ። ለዳገት የሚቀል ማርሽ ይኑረው። ፍሬኑንም ፈትሹ፤ ከካዛንቺስ ወደ መስቀል አደባባይ ያለው ቁልቁለት ያለ ጭነት እንኳ ፍሬን ይፈትናል። ጎማውና ካላማዳሪው በአቅራቢያችሁ ከተማ መገኘቱን ጠይቁ።

ጭነቱን ለሁለት ከፍላችሁ በግራና በቀኝ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩ፤ ከፍ ብሎ ከተጫነ ያንገዳግዳል።

ከሁሉም በላይ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጭናችሁ ንዱት። ባዶውንማ ሁሉም ይሄዳል።